ጀውሃ ድረስ የሄደው አልጋ

ሸዋ ሮቢት የወረድኩት በእንስሳት ጤና ከተመረቅኩ በኋላ፣ አንድ የግል የእንስሳት መድኃኒት ቤት ውስጥ ሥራ አግኝቼ ነው። ያደግኩት ከጣርማ በር በላይ፣ ሰው በቀትር ጋቢ ለብሶ በሚውልበት ደጋ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት ፊቴን በውኃ እየረጨሁ ነው። የት እኖራለሁ የሚል ሐሳብ ግን አልነበረብኝም። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እዚያው ከተማ ሽንኩርት እየነገደ ቤት ከሠራ ቆይቷል። ሚስቱ ገና ከመኪና ስወርድ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቃ ወሰደችና፣ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር የምተኛበትን ክፍል አሳየችኝ።

እዚያ ቤት ምንም አልጎደለብኝም። ስዘገይ እራቴ ተከድኖ ይጠብቀኛል፤ በጣም ከዘገየሁ ደግሞ አጎቴ ራሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ችግሩም ይኸው ነበር። ቀን ቀን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ፍየሎቹ የታመሙበት ሽማግሌ ከገጠር መጥቶ «ምን ላድርግ ዶክተር?» ሲለኝ ትልቅ ሰው እሆናለሁ። ማታ ስገባ «እግርሽን ታጠቢና ብዪ» እባላለሁ፣ እንደገና ልጅ እሆናለሁ። እንዲህ እያልኩ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ እሑድ፣ የአጎቴ ሚስት ግቢ ውስጥ ሽንኩርት ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እያገዝኳት ነገሩን አወጣሁት።

«እትዬ፣ ቤት ልከራይ አስቤያለሁ።»

እጇ አልቆመም። የበሰበሰውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ መወርወሯን ቀጠለች።

«ማን ምን አለሽ?» አለች።

«ማንም ምንም አላለኝም።»

«ልጆቹ አስቸገሩሽ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ብዙ የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ፤ ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ቤቱ ጥበት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «የራሴ ቁልፍ እንዲኖረኝ አማረኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ሁለት ቀን ያህል ከእኔ ጋር ያወራችው «ብዪ» እና «ጠጪ» ብቻ ነበር። አጎቴ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ወደ ሥራ ልወጣ ስል በሩ ላይ ያዘችኝ።

«እኔ ከእናቴ ቤት በቀጥታ አጎትሽ ቤት ነው የገባሁት» አለችኝ። «መሃል ላይ ምንም አልነበረም። ለመሆኑ ምን ያህል አጠራቅመሻል?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤቴ ጉዳይ የእሷ ጉዳይ ሆነ። ማታ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እኔና እሷ ሌላኛው ጥግ ላይ እንቀመጣለን። እኔ የመድኃኒት ካርቶን ቀድጄ በጀርባው የሚያስፈልገኝን ጽፌ አነበብኩላት፤ ኪራይ፣ አልጋ፣ ፍራሽ፣ የከሰል ምድጃ፣ ድስት፣ ባልዲ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መጋረጃ። ደምሬ ሳሳያት ያጠራቀምኩት ጠቅላላ ወጪውን ሊሸፍን ትንሽ ብቻ ስለቀረው ኮራ ብዬ ነበር።

«ደላላው በነጻ ነው የሚያገኝልሽ?» አለችኝ።

ደላላውን ጻፍኩ።

«አጎበርስ? ትንኟ ደመወዝሽን አትጠይቅሽም። ውኃ በማይኖርበት ቀን ውኃ የምታስቀምጪበት ጀሪካንስ? አምፖልስ? መጥረጊያስ? ዕቃሽን ማን ተሸክሞ ሊያደርስልሽ ነው?»

ጻፍኩ፣ ጻፍኩ፣ ጻፍኩ። ካርቶኑ ሞልቶ ጠርዝ ለጠርዝ መጻፍ ጀመርኩ። ስደምረው ያ ሁሉ ኩራቴ ጠፋ። የቀረኝ ትንሽ ሳይሆን ግማሽ ነበር።

«አሁን ገና ልክ ሆነ» አለች የአጎቴ ሚስት፣ ደስ ብሏት። «በይ ደግሞ እንሰርዝ።»

መሰረዙ ከመጻፉ የበለጠ አሳቀን። መጋረጃ ስል «ነጠላሽን ሰቅይው» ትለኛለች። ጠረጴዛ ስል «ጉልበት የለሽም?» ትላለች። ወንበሩን በጀሪካን ተካነው። ከምድጃው ላይ ግን ንቅንቅ አላልንም፤ እሷ ርካሽ ምድጃ ከሰል ይበላል ትላለች፣ እኔም አመንኳት። የቀረውን ለመሙላት ባጃጅ ተውኩ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር በእግሬ እሄዳለሁ፤ ምሳዬን ከቤት ይዤ እወጣለሁ፤ ከሥራ ስመለስ የምገዛውን ቀዝቃዛ ለስላሳም በግድ ረሳሁት። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው፣ ለአንድ ወር ያህል አይተው አይተው «ልጄ፣ ስለት አለብሽ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ቤት ልከራይ እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁና በሚቀጥለው ወር ደመወዜ ላይ ትንሽ ጨመሩልኝ። ልጠይቃቸው አስቤ የማላውቀው ነገር ነበር።

ቤት ፍለጋው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ደላላው መጀመሪያ ያሳየኝ ክፍል ዙሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ገብቼ እስክወጣ ፊቴ በላብ ታጠበ። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ ግድግዳው ግን ከመጠጥ ቤት ጋር የጋራ ነው። የአጎቴ ሚስት ግድግዳውን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ከወዲያ የሚሰማውን ሙዚቃ ትንሽ አዳመጠችና «ለዚህስ እነሱ ናቸው የሚከፍሉሽ» ብላ ወጣች። ሦስተኛው አንዲት አሮጊትና ባለቤታቸው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ፣ በጭቃ የተሠራ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ከፊቱ ትልቅ ማንጎ ያለበት ክፍል ነበር። ጥላው በሩ ድረስ ይመጣል። ገና ሳልገባበት የምፈልገው ይህን እንደሆነ አወቅኩ። የአጎቴ ሚስትም አውቃለች መሰል፣ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «ፊትሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ እንደወደድሽው ካዩ ዋጋ ይጨምራሉ» አለችኝ።

አሮጊቷ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ከቤት ወጡ።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትገቡት?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ፣ እማማ።»

«ብቻሽን? ሲመሽ ታዲያ ማን ያጫውትሻል?»

«እርስዎ አሉ አይደል» አልኳቸው። ሳላስበው ነው የወጣኝ። የአጎቴ ሚስት ተቆጥታ አየችኝ፤ አሮጊቷ ግን ሳቁ። ኪራዩን ነገሩኝ፤ ካሰብነው ብዙም አልራቀም። ደላላው ወዲያው «የሦስት ወር ቅድሚያ ነው» ሲል ግን ደነገጥኩ። የሦስት ወር ከከፈልኩ ለምድጃውም፣ ለአጎበሩም፣ ለፍራሹም የሚተርፍ የለኝም። አሮጊቷ ፊቴን አይተው ጠጋ አሉኝ።

«ምን አስበሽ ነው?»

እውነቱን ነገርኳቸው። የሦስት ወሩን ብከፍል ባዶ ቤት ውስጥ መሬት ላይ እንደምተኛ፣ የአንድ ወር ብከፍል ግን ዕቃዬን ገዝቼ እንደምገባ፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥርም ሳላሳልፍ እንደምከፍል።

አሮጊቷ ወደ ደላላው ዞሩ። «ባዶ ቤት ውስጥ የምትተኛ ልጅ ምን ታደርግልኛለች? የአንድ ወር ትክፈለኝና ዕቃዋን ትግዛ። ኢንሻአላህ እንተዋወቃለን» አሉት። ደላላው ትከሻውን ሰበቀ፤ እሱ ድርሻውን ካገኘ ግድ የለውም። የአጎቴ ሚስት መንገድ ላይ ስንወጣ ተቆጣችኝ። «ፊትሽን ሰብስቢ ስልሽ ሁሉን ዘረገፍሽው» አለችኝ፤ ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ «ግን ጥሩ አደረግሽ» አለች።

በዚያው ሰሞን አባቴ ደወለ። አልጋ እንዳልገዛ፣ እሱ እንደሚልክልኝ፣ እናቴም አብራ የምትልከው ጥቅል እንዳለ ነገረኝ። አናጺ አሠርቶልኛል፤ የሚፈታና የሚገጠም ስለሆነ ድንች ጭኖ ወደ ደሴ የሚወርድ ሹፌር ከጣርማ በር አሳፍሮ ሸዋ ሮቢት ያወርድልኛል። ለአልጋ የያዝኩት ብር ሲተርፈኝ ስልኩን ይዤ ዘለልኩ። ከዚያ ብር ላይ የደላላውን ከፈልኩ፣ ጀሪካኖቹን ገዛሁ።

አልጋው በሚመጣበት ቅዳሜ እኔና የአጎቴ ሚስት ከጠዋት ጀምረን ዋናው መንገድ ዳር ጃንጥላ ይዘን ቆምን። አባቴ የሰጠኝ ምልክት «ነጭ አይሱዙ፣ ድንች የጫነ» የሚል ነው። የሚያልፈው አይሱዙ ሁሉ ነጭ ነው፣ ሸራ ለብሷል፤ ከሸራው ሥር ድንች ይሁን ጎመን በምን ይታወቃል? ለሁሉም እጃችንን አወዛወዝን። አንዱ ቆሞ «ወዴት ናችሁ?» አለን። «የትም አይደለንም፣ አልጋ ጭነሃል?» ስትለው የአጎቴ ሚስት፣ አይቷት አይቷት ሄደ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ሲወጣ ስልኬ ጮኸ።

«እህቴ፣ የአልጋዋ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለኝ የማላውቀው ድምፅ።

«አዎ፣ መንገድ ላይ እየጠበቅንህ ነው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ጀውሃ ደርሻለሁ። ረስቼው ሮቢትን አለፍኳት፤ ምሳ ልንበላ ስንወርድ ነው ረዳቴ ያስታወሰኝ። ዕቃዬ የሚበላሽ ስለሆነ ተመልሼ ላመጣልሽ አልችልም። ምሳ የበላንበት ምግብ ቤት አውርጄ ለባለቤቷ አደራ ብያታለሁ፤ ደግ ሴት ናት።»

ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ ሲሄዱ ቀጥላ የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ከባድ መኪኖች ቆመው ሹፌሮች የሚበሉባት። ሩቅ አይደለችም፤ ነገር ግን አልጋ ተሸክሞ ለመመለስ መኪና መከራየት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ካርቶኑ ላይ የለም። እጄ ላይ የቀረኝ የፍራሹ ብር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለአጎቴ ሚስት አስረዳኋት። እሷ ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ ሚኒባስ መያዣው መሄድ ጀምራለች።

«ነይ እንጂ» አለችኝ። «መጀመሪያ አልጋሽን እንየው።»

ጀውሃ ስንደርስ ምግብ ቤቱን ለመፈለግ መጠየቅ አላስፈለገንም። ከመንገዱ ማዶ፣ በተደረደሩት መኪኖች መሃል፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አልጋዬ ተገጥሞ ቆሟል። አዲስ የተላገ ጣውላው ከሩቅ ያበራል። ላዩ ላይ ማዳበሪያ ተነጥፎ፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ እናቴ ያሰረችውን የልብስ ጥቅል ተንተርሶ እንቅልፍ ወስዶታል። ጫማውን አልጋው ሥር አስተካክሎ አስቀምጧል።

የምግብ ቤቷ ባለቤት፣ ሽርጥ ያሰረች ቀጠን ያለች ሴት፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ባለአልጋዎቹ ናችሁ? ቀስ በሉ፣ አሁን ገና ነው የተኛው።»

ሴትዮዋ በሹክሹክታ ነገሩን አስረዳችን። ጣውላውን መሬት ላይ ብትተወው ሰው እንዳይረግጠው ብላ ሠራተኞቿን አስገጠመችው። አንድ ሹፌር ጥንካሬውን ልሞክር ብሎ ተቀመጠበት፣ ጋደም አለ። እሱ ሲነሳ ሌላው መጣ። «ከዚያ በኋላማ ተራ ያዙ» አለችን። «እኔም ከለከልኳቸው አልላችሁም። ከተኙ በኋላ ርቧቸው ነው የሚነሱት።»

የአጎቴ ሚስት ፊቷን አልፈታችም። «እንግዲያው የአልጋ ኪራይ አለብሽ» አለቻት።

ሴትዮዋ አተኩራ አየቻት። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር የገባት አይመስለኝም። «ልክ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «ተቀመጡ።» ቀዝቃዛ ለስላሳ፣ ቀጥሎም በትልቅ ትሪ የሚፍለቀለቅ ሽሮ ከቃሪያ ጋር አመጣችልን። እኔ ከወር በላይ ያልቀመስኩትን ለስላሳ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። የተኛውን ሰውዬ እያየን በላን። አንድ ጊዜ ሲገላበጥ ሁለታችንም መጉረስ አቆምን። መጀመሪያ የሳቀችው የአጎቴ ሚስት ናት፤ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች፤ እኔም ተከተልኳት፣ ሴትዮዋም ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሰውዬው በሳቃችን ነቃ። ተነስቶ ሲቀመጥ ሦስት ሴቶች ያዩታል። ቶሎ ብሎ ጫማውን ፈለገ።

«አልጋው የማን ነው?» አለ።

«የእኔ ነው» አልኩት።

«አላህ ይስጥሽ። ከሌሊት ጀምሬ ስነዳ ነበር። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ቆይቷል።» ጣውላውን በመዳፉ ዳሰሰው። «ወዴት ልትወስጂው ነው?»

ነገሩን ነገርነው። ደሴ ዕቃ አራግፎ ባዶውን ወደ አዲስ አበባ እየተመለሰ ነው፤ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ናት። የአጎቴ ሚስት ለክርክር ወገቧን ያዘች። «ስንት ትጭንልናለህ?» አለችው።

«ተኝቼበት ደግሞ ላስከፍላችሁ?» አለ።

እጇን ከወገቧ አወረደች። ሹፌሮቹ ተረባርበው አልጋውን ፈቱት፣ ጫኑት። እኔና እሷ ጋቢና ገባን። እንደዚያ ከፍ ካለ መኪና ላይ ሆኜ የይፋትን ቆላ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የማሽላው እርሻ፣ የማንጎው መስመር፣ ከሩቅ በስተ ምዕራብ የቆመው የእኛ ደጋ። የአጎቴ ሚስት ሹፌሩን ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቀው ሸዋ ሮቢት ደረስን። ከአስፋልቱ እስከ ግቢው አንድ ጋሪ አደረሰልን፤ የጋሪው ደግሞ ካርቶኑ ላይ ነበረ።

አልጋው ክፍሌ ውስጥ ሲገጠም አከራዬና ባለቤታቸው መጥተው ቆመው አዩ። «ማሻአላህ፣ ይህስ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው» አሉ ሽማግሌው። ቀጥዬ የእናቴን ጥቅል ፈታሁት። ሁለት ወፍራም የበግ ጠጉር ባና፣ አንድ ጋቢ እና የሱፍ ካልሲ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ያልበናል። አከራዬ ባናውን ነካ አድርገው እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው መለሱት።

«ልጄ፣ እናትሽ ሮቢትን አያውቋትም እንዴ?» አሉኝ።

የአጎቴ ሚስት ግን ባናዎቹን ወስዳ አንዱን በአንዱ ላይ አጥፋ አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ላዩ ላይ አንሶላ ደረበችና ቁጭ ብላ ዘለል ዘለል አለችበት። «ፍራሽ ማለት ይሄ ነው» አለች። የፍራሹ ብር እጄ ላይ ቀረ። በማግስቱ ቬንትሌተር ገዛሁበት። መግዛቱ በሐሳቤም አልነበረም። ያን ቀን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ፀጉሬን ሲበትነው፣ ሀብታም የሚባለው ሰው እንዲህ ነው የሚሰማው ብዬ አሰብኩ።

ቁልፌን በመጀመሪያው ሳምንት ስንቴ ከኪሴ እንዳወጣሁት አልነግራችሁም። ቁልፉ ብቻውን ግን ክፍሉን ቤት አላደረገልኝም። የመጀመሪያውን ቀን ወጥ ልሠራ ስል ጨው የለኝም፤ ያን ሁሉ ነገር ስንጽፍ ስንሰርዝ ጨው ትዝ ያላለው ማንም የለም። አከራዬ በሲኒ ሰጡኝ። በሁለተኛው ቀን ክብሪት ጎደለ። በሦስተኛው ቀን አከራዬ እኔ ሳልጠይቃቸው «ዛሬስ ምን ረሳሽ?» እያሉ መጡ። ከሰሉም ካሰብኩት ቀድሞ አለቀ፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል አጎቴ ቤት እየሄድኩ እበላ ጀመር። ማንም አልወቀሰኝም፤ እንዲያውም የአጎቴ ሚስት ከልጆቿ ይልቅ ለእኔ ጨምራ ታወጣልኛለች። እንግዳ ሆኛለሁ ማለት ነው።

ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ ኪራዬን ከፈልኩ፣ ቀጥሎ ምሳ ጠራሁ። አከራዬ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ስለሆንን ሥጋ ትቼ ሁላችንም ከአንድ ትሪ የምንበላውን ሠራሁ፤ ምስር፣ ድንች በአልጫ፣ ሰላጣ፣ ለማወራረጃ ከግቢው የተለቀመ ማንጎ። አጎቴ መጥቶ ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ ጥንካሬውን ፈተሸ። የአጎቴ ሚስት ድስቴን ከፍታ ቀመሰች፣ ምንም አላለችም፤ ምንም ካላለች ጥሩ ነው ማለት ነው። አከራዬ ትሪውን አይተው ሥጋ እንደሌለበት ሲያውቁ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው ተቀመጡ።

ሁለቱ ሴቶች ከምሳ በኋላ ማንጎው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ጨዋታ ያዙ። ለካ አከራዬ በወጣትነታቸው ሽንኩርት ነግደዋል። ስለ ዘሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከዳተኛ ነጋዴዎች እያነሱ ሲጥሉ አጎቴ ሁለት ጊዜ «እንሂድ» አላት፤ ሁለቱንም ጊዜ አልሰማችውም። ዕቃ አጥቤ ስወጣ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ እነሱ እንደተቀመጡ ናቸው።

ይኸው እዚያ ክፍል ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠረጴዛም ወንበርም ገዝቻለሁ፤ እውነተኛ ፍራሽም አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ የአጎቴ ሚስት እንደሆነች ከአንኳኳቷ አውቃለሁ። ልከፍትላት ስወጣ ግን «አንቺማ ተቀመጪ፣ እማማ አሉ?» ብላ አልፋኝ ወደ አከራዬ ቤት ትገባለች።